«ባረቀብኝ» ከማለት በፊት፦ መሣሪያ ለለመደ ሰው የተዘጋጀ የጥንቃቄ ትምህርት



በዚህ እትም የምናቀርበው ትምህርት ስለ ጦር መሣሪያ አደጋ ነው። ርዕሱን ያየ ሰው «በስደተኞች መጠለያ ውስጥ ጠመንጃ ምን ሊሠራ መጣ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን አስቀድመን እንሰጣለን።

የስደተኞች መጠለያ የሰላማዊ ሰዎች መኖሪያ ነው። መሣሪያ ይዞ መግባትም ሆነ ደብቆ ማስቀመጥ የተከለከለ ሲሆን የአስተናጋጁን አገር ሕግ ማክበርም የስደተኛ ሁሉ ግዴታ ነው። ይህ ትምህርት ያንን የሚለውጥ ነገር የለውም። ሆኖም ለመጻፍ ያነሣሡን ሦስት ምክንያቶች አሉ።

አንደኛ፣ በመካከላችን ወታደር የነበረ፣ ሚሊሺያ የነበረ፣ በዘበኝነት ያገለገለ፣ ወይም በአገሩ ጠመንጃ አንግቶ ያረሰ ሰው ብዙ ነው። ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሲወድቅ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች ወደ ሱዳን ተሻግረው መሣሪያቸውን አስረክበዋል። መሣሪያው ድንበር ላይ ቀርቷል፤ የእጅ ልማድ ግን ድንበር ላይ አይራገፍም። ሁለተኛ፣ ወደ አገሩ የሚመለስ ሰው በገጠር ቤት ምሰሶ ላይ ወይም በአባቱ ራስጌ የተሰቀለ ጠመንጃ ያገኛል። ሦስተኛ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023) በካርቱም የጀመረው ጦርነት በከተማው ቤቶች፣ ጎዳናዎችና ቦዮች ውስጥ መሣሪያና ጥይት በትኖ አልፏል። በደይምም ሆነ በጅሪፍ ይኖር የነበረ ወገናችን ይህን በዓይኑ አይቷል።

ስለዚህ ትምህርቱ የቀረበው ጠመንጃ ነክቶ ለማያውቅ ሰው ብቻ አይደለም። ይልቁንም «እኔ በመሣሪያ አልታማም» ለሚለው ሰው ነው።

1. «ባረቀ» የሚለው ቃል

በቋንቋችን ሁለት ግሶች አሉን። አንድ ሰው አስቦ ሲያደርገው «ተኮሰ» እንላለን። ሳያስበው ሲሆን ግን «ባረቀበት» እንላለን። ልዩነቱን ልብ እንበል። «ተኮሰ» ስንል አድራጊው ሰውየው ነው። «ባረቀ» ስንል ግን አድራጊው ጠመንጃው ይሆናል፤ ሰውየውም እንደ ተጎጂ ከጎን ይቆማል።

ይህ አነጋገር በለቅሶ ቤት ጥቅም አለው። ወንድሙን ወይም ልጁን በገዛ እጁ ያጣ ሰው ፊት ተቀምጦ «አንተ ገደልከው» የሚል የለም፤ ሊኖርም አይገባም። «ባረቀበት» ማለት ለቁስሉ መሸፈኛ ነው። ለትምህርት ግን ቃሉ ያሳስተናል። ጠመንጃ ብረት ነው። አይቆጣም፣ አይረሳም፣ አይደናገጥም። ጥይት እንዲወጣ በመጀመሪያ ጥይት መጉረስ አለበት፤ ቀጥሎ መቀባበል አለበት፤ በመጨረሻም ምላጩ መሳብ ወይም ያረጀው መሣሪያ መመታት አለበት። እያንዳንዱን ያደረገ ወይም ሳይመረምር የተወ ሰው አለ። ሰውየው ያንን ሰዓት ስለማያስታውሰው ብቻ ነው ነገሩ ከሰማይ የወረደ የሚመስለው።

ሕጉም የሚለየው በዚህ ነው። የኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 57 ያለ ጥፋት፣ በድንገተኛ አጋጣሚ ብቻ በደረሰ ነገር ሰው እንደማይቀጣ ይደነግጋል። ይሁን እንጂ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለን ይቀጣል፤ ተራው ቅጣት ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት የሚደርስ ቀላል እሥራት ወይም መቀጮ ነው። እንግዲህ «ባረቀብኝ» ብቻውን መልስ አይሆንም። ዳኛው የሚጠይቀው «መሣሪያውን መርምረህ ነበር? አፈሙዙ ወዴት ዞሮ ነበር?» የሚለውን ነው። በሱዳንም ሳያስቡ ሰው መግደል በእ.ኤ.አ. 1991 የወንጀል ሕግ ያስጠይቃል፤ ለሟች ቤተሰብም ዲያ የሚባለው የደም ካሳ ይከፈላል።

ከፍርድ ቤቱም በላይ ሌላ ዳኛ አለ። በአገራችን ደም በሁለት ቤተሰብ መካከል ከገባ በቀላሉ አይደርቅም። «ሳያስብ ነው» ቢባልም «አስቦ ቢሆንስ?» የሚል ጥርጣሬ ይቀራል። በተለይ ሁለቱ ሰዎች ቀድሞ በመሬት ወይም በከብት ተጣልተው ከነበረ ሽማግሌም ለማስታረቅ ይቸገራል። የአንድ ደቂቃ ቸልተኝነት ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ቂም ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

2. ለምን የለመደው ሰው?

ዋና የማያውቅ ሰው ከወንዙ ዳር ይቆማል። በክረምት ተከዜ ሲሞላ የሚገባበት ዋና እችላለሁ የሚለው ነው። በመሣሪያም እንዲሁ ነው። ጀማሪ ጠመንጃ ሲሰጡት ይፈራል፤ ፍርሃቱም ይጠብቀዋል። የለመደው ሰው ግን በሦስት መንገድ ይሳሳታል።

ሀ/ እጁ ከዓይኑ ይቀድማል። ሺህ ጊዜ የፈታውንና የገጠመውን መሣሪያ ሲይዝ እጁ በራሱ ይሠራል። ከሰው ጋር እያወራ፣ ሬዲዮ እየሰማ፣ ቡና እየጠጣ ይወለውለዋል። እጅ በልማድ ሲሠራ አንድ እርምጃ ቢዘለል የሚያስታውስ የለም።

ለ/ ትዝታውን እንደ ምርመራ ይቆጥራል። «ትናንት ማታ አራግፌዋለሁ» ይላል። ምናልባት ያራገፈው ከትናንት በስቲያ ይሆናል። ምናልባትም ከእርሱ በኋላ ወንድሙ ወይም ልጁ ነክቶታል። ትዝታ ያለፈውን ይነግረናል እንጂ አሁን በመሣሪያው ውስጥ ያለውን አያሳይም። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» የሚለው የአባቶች ምክር ከሁሉ ይበልጥ ለጠመንጃ ይሠራል።

ሐ/ ሳይጎዳ የቀረበትን ስሕተት እንደ ችሎታ ይቆጥረዋል። አንድ ሰው የጎረሰ ጠመንጃ በአፈሙዙ ይዞ ጭነት መኪና ላይ መቶ ጊዜ ቢወጣና ምንም ባይደርስበት፣ መቶ ጊዜ ትክክል ሠርቷል ማለት አይደለም። መቶ ጊዜ ተርፏል ማለት ነው።

3. ሦስት ምሳሌዎች

ይህ የእኛ አገር ሰው ብቻ ችግር አለመሆኑን ለማሳየት በዓለም የታወቁ ሦስት አደጋዎችን እንመልከት። በሦስቱም ያሉት ሰዎች መሣሪያ የማያውቁ አልነበሩም፤ ወይም መሣሪያ የሚያውቅ ባለሙያ በአጠገባቸው ነበር።

የመጀመሪያው ከካርቱም ጋር የሚያያዝ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ሃኒንግ ስፒክ ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ሲወጣ በእ.ኤ.አ. ጁላይ 1862 ያየ ሰው ነው። ከዚያ ወንዙን ተከትሎ በማርች 1863 ካርቱም ደረሰ። ስፒክ ወታደር የነበረ፣ በሂማላያ ተራሮችና በአፍሪካ ለዓመታት ያደነ ሰው ነበር። ዝሆንና ጎሽ ያልገደለው ይህ ሰው በሴፕቴምበር 15 ቀን 1864 በአገሩ በእንግሊዝ ቆቅ ሲያድን አንድ ዝቅተኛ የድንጋይ ካብ ተሻገረ። ሲሻገር የያዘው ጠመንጃ ተኮሰ፤ አፈሙዙም ወደ ደረቱ ዞሮ ነበርና ጥቂት ቆይቶ ሞተ። ዕድሜው 37 ዓመት ነበር። አሟሟቱን የመረመሩት ሰዎች አደጋ ነው ብለው ወሰኑ።

ሁለተኛው በፌብሩዋሪ 11 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት የደረሰ ነው። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ዲክ ቼኒ ድርጭት ሲያድኑ አንዲት ወፍ በአፈሙዝ ተከትለው ዞሩ፤ ሲተኩሱም ከጎናቸው የነበሩትን የ78 ዓመት ጓደኛቸውን ፊታቸው፣ አንገታቸውና ደረታቸው ላይ መቱ። ሽማግሌው ተርፈዋል። ቼኒ የብዙ ዓመት አዳኝ ነበሩ። ወፏን አይተዋል፤ ከወፏ ወዲያ ያለውን ግን አላዩም።

ሦስተኛው በኦክቶበር 21 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. በኒው ሜክሲኮ ግዛት ፊልም ሲሠራ የደረሰ ነው። ተዋናዩ አሌክ ባልድዊን የያዘው ሽጉጥ ባዶ ነው ተብሎ ነበር። ነገር ግን እውነተኛ ጥይት ነበረበት። የፊልሙ የካሜራ ባለሙያ ሐሊና ሃቺንስ ተመትታ ሞተች፤ ዳይሬክተሩም ቆሰለ። በመሣሪያው ላይ ኃላፊ የነበረችው ባለሙያ በ2024 ጥፋተኛ ተብላ የ18 ወር እሥራት ተፈርዶባታል።

ስፒክ መሰናክል ሲሻገር የጎረሰ ጠመንጃ ይዞ ነበር። ቼኒ ከዒላማው በስተጀርባ ያለውን አላዩም። በፊልሙ ቦታ ደግሞ የሌላ ሰው ቃል በምርመራ ፋንታ ተወሰደ። ሦስቱም ስሕተቶች በእኛም አገር በየዕለቱ የሚሠሩ ናቸው፤ ካብ ሲዘለል፣ ከብት ከሌባ ሲጠበቅ፣ ጠመንጃ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ።

4. ሁለቱ በሮች

ከላይ ያየናቸውን አደጋዎች መርምረን ስናያቸው አንድ ሰው እንዲሞት ሁለት ስሕተቶች በአንድ ጊዜ መገናኘት እንዳለባቸው እንረዳለን። አንደኛው፣ ጥይቱ ሳይታሰብ ይወጣል። ሁለተኛው፣ አፈሙዙ ወደ ሰው ዞሯል። እነዚህ እንደ ሁለት በሮች ናቸው፤ ሞት የሚገባው ሁለቱም ሲከፈቱ ነው። አንዱ በር ብቻ ቢዘጋ ጥይቱ አፈር ይመታል፤ ሰው ይደነግጣል፤ ሰው ግን አይሞትም።

ልምድ ያለው ሰው ስሕተቱ የሚያተኩረው በመጀመሪያው በር ላይ ብቻ መሆኑ ነው። «ባዶ ነው» ስለሚል አፈሙዙ ወዴት እንደዞረ ግድ አይሰጠውም። ነገር ግን «ባዶ ነው» የሚለው እምነት ነው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው። አፈሙዝ ግን በዓይን የሚታይ ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠበቅ የሚገባው ሁለተኛው በር ነው።

በዓለም ላይ መሣሪያ የሚያስተምሩ ሰዎች የሚስማሙባቸው ደንቦች አራት ናቸው፦

1ኛ/ ማንኛውም መሣሪያ ራስዎ በዓይንዎ እስኪያዩት ድረስ ጥይት እንዳለው ይቁጠሩት።
2ኛ/ ሊመቱት የማይፈልጉት ነገር ላይ አፈሙዝ አይዙሩ፤ ባዶም ቢሆን።
3ኛ/ ለመተኮስ እስኪወስኑ ድረስ ጣትዎን ከምላጩ ውጪ ያድርጉ።
4ኛ/ የሚመቱትን ነገርና ከበስተጀርባው ያለውን ይወቁ።

የክላሽ ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 715 ሜትር ገደማ ይበራል፤ ይህ ከድምፅ ፍጥነት ከእጥፍ በላይ ነው። የሚመታው ሰው ተኩሱን ከመስማቱ በፊት ጥይቱ ይደርሰዋል። የሣር ቤት፣ የሸራ ድንኳን ወይም የጭቃ ግድግዳ መከለያ አይሆንም። በአንድ ጎጆ የተተኮሰ ጥይት በሚቀጥለው ጎጆ የተኛ ሕፃን ሊመታ ይችላል።

5. ቅደም ተከተል ለምን ያድናል?

የለመዱ ሰዎች ከሚሳሳቱባቸው ነገሮች በጣም የተለመደው ጥይት ሲያራግፉ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውየው ክላሹን ይይዝና በመጀመሪያ የማቀባበያውን እጀታ ይስባል። የጎረሰው ጥይት ተፈናጥሮ ይወጣል፤ እርሱም ሲወድቅ ያየዋል። ልቡ ያርፋል። ነገር ግን ካዝናው ገና አልተነቀለም። እጀታው ተመልሶ ሲሄድ ከካዝናው ሌላ ጥይት ገፍቶ ያጎርሳል። ቀጥሎ ካዝናውን ይነቅላል። አሁን ጥይት ሲወጣ አይቷል፣ ካዝናውም በእጁ ነው፤ ስለዚህ «ባዶ ነው» ብሎ ምላጩን ይስባል። ያን ጊዜ ነው «ባረቀብኝ» የሚለው። ያደረጋቸው ነገሮች ሁሉ መደረግ ያለባቸው ነበሩ፤ የተሳሳተው ቀድሞ መሆን የነበረበትን በኋላ በማድረጉ ነው።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው፦

ሀ/ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ፣ ከተቻለ ወደ አፈር ክምር ያዙሩ፤ ጣትዎን ከምላጩ ያርቁ።
ለ/ በመጀመሪያ ካዝናውን ይንቀሉ።
ሐ/ በቀኝ ጎን ያለውን መቆለፊያ ወደ ታች ያውርዱ። ክላሽ ተቆልፎ ሳለ እጀታው እስከ መጨረሻ አይሳብም። ስለዚህ የሚራገፍበት ጊዜ መሣሪያው ያልተቆለፈበት ጊዜ ነው፤ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን።
መ/ እጀታውን ወደ ኋላ እስከ መጨረሻ ይሳቡና ይያዙት።
ሠ/ ጥይት የሚጎርስበትን ቦታ በዓይንዎ ይመልከቱ። ጨለማ ከሆነ በትንሽ ጣትዎ ይዳስሱ።
ረ/ እጀታውን ይልቀቁ፤ መቆለፊያውን ወደ ላይ ይመልሱ። አፈሙዙ አሁንም ከሰው ይራቅ።

ሽጉጥም ላይ የሚደርሰው አደጋ ተመሳሳይ ነው። ካዝናውን መንቀል ሽጉጡን ባዶ አያደርገውም፤ አንዱ ጥይት ጎርሶ ይቀራል። በደርግ ዘመን በብዛት የታወቀው የሩሲያው ቶካሬቭ ደግሞ እንደሌሎቹ የተለየ መቆለፊያ ምላስ የለውም፤ ጥይት አጉርሶ በወገብ መያዝ አደገኛ ነው።

ከአያት የተወረሱ እንደ ምንሽርና አልቤን ያሉ ጠመንጃዎች ብዙዎቹ ከሰማንያ ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። ውስጣቸው ተበልቷል። ወድቀው ወይም ተመትተው ሊተኩሱ ይችላሉ። መቆለፊያቸውን ማመን አይገባም፤ የሚታመነው ጥይቱን ሁሉ አውጥቶ የኋላ መዝጊያውን ከፍቶ ማየት ነው።

መሣሪያ ሲወለውል ባረቀበት የተባለ ሰው ወሬ ያልሰማ የለም። መወልወል የሚጀመረው መሣሪያው ባዶ መሆኑ ከታየ በኋላ ነው። ጥይቱም በዚያው ክፍል አይቀመጥ።

አጥር ሲዘለል፣ ወንዝ ሲሻገሩ፣ ዛፍ ወይም መኪና ላይ ሲወጡ የጎረሰ መሣሪያ አይያዝ። ሁለት ሰዎች ካሉ አንዱ ይሻገር፤ የተራገፈውን መሣሪያ ሌላው ሰደፉን አስቀድሞ ያቀብለው። መሣሪያን በአፈሙዙ ይዞ ወደ ራስ መሳብ ከሁሉም የከፋ ነው።

6. ወደ ሰማይ የሚተኮስ ጥይት

በአገራችን በሠርግና በለቅሶ፣ በሱዳንም በሠርግና በድል ቀን ወደ ሰማይ መተኮስ የቆየ ልማድ ነው። ተኳሹ «ማንንም አላነጣጠርኩም» ይላል። ነገር ግን የወጣ ጥይት ሁሉ ይወርዳል።

የአሜሪካ ጦር መኮንን የነበረው ጁሊያን ሃቸር ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በፍሎሪዳ ባሕር ዳርቻ ይህን በሙከራ አይቷል። በውሃ ላይ ከተተከለ ትንሽ መድረክ 500 ያህል ጥይቶች ቀጥታ ወደ ላይ ተተኮሱ። ወደ መድረኩ ተመልሰው የወደቁት 4 ብቻ ነበሩ። ሲወርዱም ፍጥነታቸው በሰከንድ 90 ሜትር ገደማ ነበር። ይህም የሰው ቆዳ ለመብሳት ይበቃል። ቀጥታ ሳይሆን አዘንብሎ የተተኮሰ ጥይት ደግሞ ፍጥነቱን ሁሉ ስለማያጣ ከዚህ የበለጠ ይገድላል፤ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይም ሊሄድ ይችላል። በእ.ኤ.አ. 2003 ማብቂያ በፖርቶ ሪኮ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ለደስታ በተተኮሰ ጥይት አንድ ሰው ሞቶ ከአሥር በላይ ሰዎች ቆስለዋል።

ከአፍ የወጣ ቃል እንደማይመለስ ሁሉ ከአፈሙዝ የወጣም አይመለስም፤ የት እንደሚያርፍም ባለቤቱ አያውቅም። ሠርግ በእልልታና በጭብጨባ፣ ለቅሶም በሙሾ ይደምቃል።

7. በቤተሰብ ውስጥ

መሣሪያ ባለበት ቤት ሁሉ ሦስት ነገሮች ይጠበቁ። ጥይትና መሣሪያ ይለያዩ፤ ሁለቱም ይቆለፉባቸው። ከፍ አድርጎ መስቀል መደበቅ አይደለም፤ ልጅ አባቱ የሚሰቅልበትን ቦታ ከአባቱ አስቀድሞ ያውቃል፤ ዱካ ላይ መቆምም ይችላል። ሁለተኛ፣ ጠላ ወይም አረቄ የቀመሰ ሰው መሣሪያ አይንካ። ሦስተኛ፣ በመሣሪያ አይቀለድ፤ «ላስደንግጠው ብዬ ነው» ያለ ሰው ብዙ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ታላቅን ማረም ነው። ወጣቱ የአጎቱ አፈሙዝ ወደ ሕፃናቱ እንደዞረ ያያል፤ ሆኖም «አንተ ልታስተምረኝ ነው?» መባልን ፈርቶ ዝም ይላል። በዚህ ዝምታ ሰው ይሞታል። ስለዚህ አስቀድመን በቤተሰብ እንስማማ፤ ስለ አፈሙዝ መናገር ድፍረት እንዳልሆነ ሽማግሌዎች ራሳቸው ይንገሩ። ልጅም «አባባ፣ እባክዎ አፈሙዙን ወደ መሬት ያድርጉልኝ» ይበል፤ ሚስትም «ጋሼ፣ አራግፈው ያሳዩኝና እናስቀምጠው» ትበል። በእውነት የለመደ ሰው በዚህ አይቆጣም። መሣሪያ ሲያቀብልም አራግፎ፣ ከፍቶ፣ አሳይቶ ይሰጣል፤ የሚቀበለውም ቢያይም እንደገና ራሱ ያያል። ይህ አለመተማመን አይደለም፤ የመሣሪያ ሥርዓት ነው።

በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ መያዝ ፈቃድ ይጠይቃል። ወደ አገሩ የሚመለስ ሰው በቤቱ የቆየውን መሣሪያ ከመንካቱ በፊት ይህንን ይጠይቅ።

8. ወድቆ የተገኘ ጥይትና ቦምብ

በካርቱምና በአካባቢው ጦርነት ባለፈባቸው ሰፈሮች የሚገኝ ማንኛውም ጥይት፣ ቦምብ ወይም የማይታወቅ ብረት አይነካ፣ አይረገጥ፣ አይወርወር። ወታደር የነበረ ሰው «ይህን አውቀዋለሁ፤ ላክሽፈው» የሚልበት ጊዜ አለ። የተተኮሰና ያልፈነዳ ቦምብ ግን በመጋዘን እንደሚታወቀው ቦምብ አይደለም፤ በትንሽ ንቅናቄ ሊፈነዳ ይችላል። ጥይትን ከቆሻሻ ጋር እሳት ውስጥ መጣልም አደገኛ ነው። በመጡበት መንገድ ይመለሱ፤ ልጆችን ያርቁ፤ ለአካባቢው ባለሥልጣን ወይም ለመጠለያው ኃላፊ ያመልክቱ። ብረት ለቅመው የሚሸጡ ልጆች ያሉበት ቤት ይህን ደጋግሞ ይንገራቸው።

9. አደጋ ከደረሰ

መሣሪያውን ያርቁ። የሚደማውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ በሁለት እጅ አጥብቀው ይጫኑ፤ ለማየት ብለው በየጊዜው አይግለጡ። ከክንድ ወይም ከእግር የሚፈሰው ደም በመጫን ካልቆመ ከቁስሉ በላይ ሰፋ ባለ ጨርቅ አጥብቀው ይሰሩና የታሰረበትን ሰዓት ይጻፉ። በቀጭን ገመድ ወይም በሽቦ አይሰሩ። በቁስሉ ውስጥ አመድ፣ ቡና ወይም ቅጠል አይጨምሩ። የሚበላና የሚጠጣ አይስጡት። ሙቀት እንዳያጣ ሸፍነው በፍጥነት ወደ ሕክምና ያድርሱት። ጉዳዩን በመፍራት ቁስለኛን ቤት ውስጥ መደበቅ አደጋውን ወደ ሞት፣ ቸልተኝነቱንም ወደ ከባድ ወንጀል ሊለውጥ ይችላል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. «ተኮሰ» እና «ባረቀበት» በሚሉት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ስለሰማችሁት አንድ አደጋ ስትናገሩ የትኛውን ተጠቀማችሁ? ለምን?
2. ካዝናው ሳይነቀል እጀታው ቢሳብ ምን ይሆናል? ሳያዩ ደረጃ በደረጃ ተናገሩ።
3. ከሁለቱ በሮች አንዱን ብቻ መዝጋት ብትችሉ የትኛውን ትዘጋላችሁ?
4. በቤታችሁ ታላቅን ስለ አፈሙዝ ለማሳሰብ የሚያስቸግረው ምንድን ነው? ሽማግሌዎች ምን ቢሉ ይቀላል?
5. ለሠርግ የሚተኮሰውን ጥይት በምን መተካት ይቻላል?

ጥያቄዎቹን በቡና ሰዓት ከቤተሰብና ከጎረቤት ጋር እንድትወያዩባቸው እናሳስባለን። ማንበብ ለማይችሉ ሽማግሌዎችና እናቶች ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ቢኖር ደግሞ ትምህርቱ ለሁሉም ይደርሳል።